የተራዘመው ወረቀቱ ብቻ ነበር

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ በሩን ገርበብ አድርግልኝ፣ ንፋሱ ጆሮዬን ይዞታል። አንቺም ጠርዝ ላይ ተንጠልጥለሽ አትቀመጪ፣ ደገፍ በይ። የምነግራችሁ የታናሽ ወንድሜን ነገር ነው። ጥርስ የማያስከድን ወሬ አይደለም፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ግን እናንተም ነገ ሱቅ ትከፍታላችሁ፣ በስማችሁ ገቢ ይገባል፣ ግብር ቢሮ መስኮት ላይ ትቆማላችሁ። ያኔ ባዕድ ከሚነግራችሁ ዛሬ ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው።

ወንድሜ ሶፋ ሠሪ ነበር። ሰፈርተኛው «አፈ ምስማር» ነበር የሚለው። ሲሠራ ምስማሮቹን በከንፈሩ መሀል ደርድሮ አንድ በአንድ እየመዘዘ ይመታል፤ ሰው ሲያናግረውም ምስማሩን ሳይተፋ በአፉ ጥግ ይመልሳል። «አንድ ቀን ትውጠውና ጉድ ታፈላለህ!» ስለው «ተይ እትዬ፣ ሐኪሙ ብረት ያንስሃል ብሎኛል» ይለኛል።

ሱቁ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ሥር ነበር። ፊት ለፊቱ መንገድ፣ ከኋላው ደግሞ እኔ የምኖርባት ጠባብ ክፍል፤ እሱና ሚስቱ እዚያው ጎረቤት ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ወንድሜ ዘንድ ነበርኩ፤ ቀን ቀን አሮጌ ሶፋ እየተረተርኩ ደህናውን ስፖንጅ ከተበላው እለይለታለሁ። ሶፋ ሆድ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም። የፀጉር ሽቦ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ አንዴማ የሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝተን ባለቤቱ «የእኔ አይደለም!» ብለው ሽምጥጥ አድርገው ካዱ፤ ሲናገሩ ግን አፋቸው ባዶ ነበር። የወንድሜ ሚስት ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና የማትል ሴት ናት። ጨርቁን እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ያለብሳል፣ እኔ እተረትራለሁ። በዚህ ነበር የምንኖረው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ወንድሜ ቀብድ የሚባል ነገር አይቀበልም ነበር። አባታችንም አይቀበልም ነበር። «ሳትቀመጥበት ለምኑ ትከፍለኛለህ?» ይላል ወንድሜ። ደንበኛው ሥራው ሲያልቅ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ደግሞ ይቀመጣል፣ ከዚያ ነው እጁ ወደ ኪሱ የሚሄደው። ቀጠሮው ከተገፋም ክፍያው አብሮ ይገፋል። ሥራው ላላለቀ ነገር ገንዘብ መስጠትም መቀበልም ለእሱ ነውር ነበር። ሰው ያከብረው የነበረውም በዚህ ነው። ያጠፋውም ይኸው ነው።

ግብርን በተመለከተ ሚስቱ ጠንቃቃ ነበረች። ሶፋ በወጣ ቁጥር የመንግሥትን ድርሻ ቆንጠር አድርጋ ለብቻ ታስቀምጣለች። ወንድሜ ጎማ ወይም ክር ጎደለኝ ብሎ ወደዚያ እጁን ሲሰድ «እሱ የኛ አይደለም፣ እጅህን ሰብስብ» ትለዋለች። ዓመቱ ሲያልቅ ደረሰኞቹ ይደመራሉ፣ ወረቀቱ ይሞላል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ሁልጊዜም በአንድ ቀን፣ በአንድ መስኮት።

በዚያ ዓመት ግን ከላያችን ያለው ፎቅ የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። ውሃው በግድግዳው ወርዶ ደረሰኝ የሞላበት ካርቶን ላይ አረፈ። ስናነሣው ሊጥ ሆኗል። ቀለሙ ከቀለም ተጨማልቆ የገዛነውን ከሸጥነው መለየት ጠፋ። ስፖንጅ ከሸጠልን፣ ጨርቅ ከሸጠልን፣ ከእያንዳንዱ ነጋዴ ደጃፍ ቆሞ ኮፒ መለመን ሊኖርብን ነው። የግብር ማሳወቂያው ቀን ደግሞ ደርሷል።

ወንድሜ ካርቶኑን እንዳለ ታቅፎ ግብር ቢሮ ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ። በመስኮቱ ያለችው ወጣት ሴት ካርቶኑን ገልጣ አየችና አፍንጫዋን ያዝ አደረገች፤ ሻግቶ ነበር።

«ጋሼ፣ አይጨነቁ። ለዚህ እኮ መፍትሔ አለው» አለችው። «የማሳወቂያ ጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቃሉ። ቅጹን አሁን ሞልተው ምክንያትዎን ይጽፋሉ፣ ዋናውን ወረቀት ከጥቂት ወራት በኋላ ያስገባሉ።»

«ቅጣት የለውም?»

«ቀኑ ሳያልፍ እስከጠየቁ ድረስ ወረቀቱን በማዘግየትዎ ቅጣት የለብዎትም።»

ወንድሜ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። «አየሽ እትዬ፣ መንግሥትም እንደኛ ቀጠሮ ይሰጣል።»

«ግን ጋሼ፣ ግብሩን የሚከፍሉት አሁን ነው» አለች ልጅቷ።

«ስንት ነው?»

«እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት። የአምናውን አይተው ይገምቱና ይክፈሉ። ከበዛ ይመለስልዎታል፣ ካነሰ በኋላ ይጨምራሉ።»

ወንድሜ ከልቡ ሳቀ። «የኔ ልጅ፣ አንድ ሰው መጥቶ ሶፋዬን አልብስልኝ ቢለኝ፣ ሶፋውን ሳላይ፣ ሜትር ሳልዘረጋ፣ ይህን ያህል ቁጭ አድርግ እለዋለሁ?»

«ይሄ ሶፋ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ባይሆንስ! ያልተለካ ነገር ዋጋ አለው እንዴ?»

ከኋላችን የተሰለፈ ሰውዬ «ኧረ ጎበዝ፣ እኛም ቤት አለን! ሶፋ የሚገዛ ወደ ገበያ ይሂድ!» ብሎ ጮኸ። ሰልፈኛው ሳቀ። ልጅቷ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ማራዘሚያው ለወረቀቱ ነው፤ ለገንዘቡ አይደለም። ቅጹም ላይ ከታች ተጽፏል።»

«እሺ እሺ፣ ገባኝ» አለ ወንድሜ። ማኅተሙን አስመታና ወጣን።

አልገባውም ነበር። ነገሩን ምክር አድርጎ ነው የወሰደው፤ ገንዘቡ እጁ ላይ ያለ፣ መገላገል የሚፈልግ ሰው ከፈለገ ይከፍላል ብሎ ነው የተረዳው። ቀኑ ከተገፋ ሁሉም ተገፋ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረው እንዲያ ነው። ሱቅ ስንገባ ሚስቱ መኪናዋን አቁማ ቀና አለች።

«ገንዘቡን ተቀበሉህ?»

«ምን ቸኮለብሽ፣ ሒሳቡ ሳይደመር? ቀን ሰጥተውኛል። ወረቀቱን ሳስገባ አንድ ላይ እከፍላለሁ።»

«ከፍለህ ብትገላገለው ምን ነበረበት?»

«በግምት? እኔ በግምት ምስማር እንኳ መትቼ አላውቅም።»

እሷም መኪናዋን ቀጠለች። እንግዲህ ገንዘቡ እዚያው በተቀመጠበት ቢቆይ ኖሮ ነገሩ በትንሽ ቅጣት ያልፍ ነበር። አልቆየም።

ብዙም ሳይቆይ የአንድ ትልቅ አዳራሽ ኃላፊ ሱቃችን ገባ። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ቴአትርና ሙዚቃ የሚታይበት አዳራሽ ነው፤ ወንበሮቹ አርጅተው ሰው ሲቀመጥባቸው ሞላው ይወጋል። ከብረቱ በስተቀር ሁሉም ይታደስ፣ ቀይ ቬልቬት ይልበስ አለ። ወንድሜ በሕይወቱ እንደዚህ ያለ ሥራ አግኝቶ አያውቅም።

«ለዕቃ መግዣ ቀብድ ልስጥህ» አለው ሰውዬው፣ የቦርሳውን ዚፕ እየከፈተ።

ወንድሜ እጁን አወዛወዘ። «ሳይቀመጡበት? አይሆንም፣ ጌታዬ። ጨርሼ አዳራሹ ውስጥ ስገጥመው ያኔ ይከፍሉኛል።»

ሰውዬው ዚፑን መልሶ ዘጋና ሳቀ። «እንዲህ ያለ ሰው አሁንም አለ እንዴ?» አለ። ያን ጊዜ ምስጋና ነበር የመሰለን።

በማግስቱ ወንድሜ የግብሩን ገንዘብ ከተቀመጠበት አወጣ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆመችበት።

«ወዴት ነው እሱን ይዘህ?»

«ቬልቬት ልገዛ። ስፖንጅም።»

«አንተ ሰው ምን ነክቶሃል? የኛ አይደለም አላልኩህም?»

«ስሚኝ። ግብር ቢሮ ቀን ሰጥቶኛል። ቀኑ ሳይደርስ አዳራሹ ይከፍለኛል። ገንዘቡ እዚህ ተኝቶ ከሚሻግት ሠርቶ ይምጣ።»

«ባይከፍሉህስ?»

«እንዴት አይከፍሉኝም? ወንበር እኮ ነው የምሰጣቸው፣ ወሬ አይደለም።»

«እትዬ፣ አንቺ ንገሪው!» አለችኝ። እሱ ግን ጫማውን አጥልቆ ወጥቶ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ የቬልቬቱን ጥቅል ትከሻው ላይ ተሸክሞ ነው፤ እንደ ሙሽራ ነበር የሚስቀው።

ሠራን፤ ቀን ከሌት ማለት ይቻላል። ሱቁ ከመሬት እስከ ጣሪያ ወንበር ሆነ፤ እኔ ወደ ክፍሌ የምገባው በጎኔ ተሹልኬ ነው። በመሀሉም ወንድሜ ነጋዴዎቹን እየዞረ የደረሰኝ ኮፒውን ሰበሰበ፣ ደመረ፣ ወረቀቱን ሞላ። የተራዘመው ቀን ሳያልፍ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ግብር ቢሮ ገባ። በጊዜው መድረሱ ኮርቶበታል፤ አዳራሹ ሲከፍለኝ ደግሞ ግብሩን በሳምንት ውስጥ እዘጋዋለሁ ብሎ ነው የሄደው።

ያቺው ልጅ ነበረች። ወረቀቱን ተቀበለች፣ ማሽኗ ላይ መታች፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ያኔ አልከፈሉም?»

«ቀን ሰጥታችሁኝ የለ!»

«ይኸው፣ ይህ ግብሩ ነው። ይህ በወቅቱ ባለመክፈልዎ የተጣለ ቅጣት ነው። ይህ ደግሞ ወለዱ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየወሩ ሲጨምር ቆይቷል፣ ካልከፈሉ አሁንም ይጨምራል።»

ወንድሜ ማኅተም ያለባትን ወረቀት አውጥቶ መስታወቱ ላይ ለጠፋት። «እኔ እኮ ፈቃድ አለኝ! ይኸው ማኅተማችሁ!»

«አዎ። ወረቀቱን ያዘገዩበት ሌላ ቅጣት ያልተጨመረብዎት ለዚህ ነው» አለች ቀስ ብላ። ክፉ ልጅ አልነበረችም። «ያኔ የሚችሉትን ያህል እንኳ ከፍለው ቢሆን ወለዱ በቀረው ላይ ብቻ ነበር የሚታሰበው። ገንዘብ ካጠረዎትም መጥተው ቢናገሩ በየወሩ እንዲከፍሉ ስምምነት ይደረግልዎት ነበር። አሁንም መጠየቅ ይችላሉ፤ ግን መጀመሪያ ከፊሉን ማምጣት አለብዎት።»

«ከየት?» አለ ወንድሜ። ገንዘቡ ሁሉ ወንበር ላይ ተወጥሮ ነበር።

ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ኃላፊ ሄደ። ዕድሜውን ሙሉ ያላደረገውን አደረገ፤ ቀብድ ጠየቀ። ሰውዬው ወንበሩን ወደ ኋላ አዘንብሎ «ወዳጄ፣ ራስህ አይደለህ እንዴ ገጥሜ ስጨርስ ያልከኝ? ውሉም እንደዚያ ነው የተጻፈው። በዚያ ላይ የወለሉ ሥራ ዘግይቶብናል፤ ወንበሩን ከሁለት ወር በኋላ ነው የምንረከብህ» አለው።

ወንድሜ ያን ቀን ሱቅ ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ሚስቱ ገና ሳይናገር ገባት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። መኪናዋ ላይ ቁጭ ብላ ያንኑ አንድ ስፌት ስትፈታና ስትሰፋ አመሸች።

ከግብር ቢሮ ማስጠንቀቂያ መጣ። ሌላም መጣ። እኔ «ሂድና አነጋግራቸው፣ ልጅቷ ሰው ትመስላለች» ስለው፣ እሱ «ባዶ እጄን ሄጄ ምን እላለሁ? ወንበሩ ይረከብ፣ ሁሉንም ባንዴ እከፍላለሁ» ይላል። አፍሮ ነው። ዕዳ የሚባል ነገር ስለማያውቅ ዕዳ እንዴት እንደሚያዝም አያውቅም። መሄድ ነበረበት። ባዶ እጅም ቢሆን ተሄዶ ይነገራል። እሱ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ምስማሩን መታ።

አዳራሹ ሊረከብ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ትልቁ፣ ትሑት ሰው ነበር፤ ባርኔጣውን አውልቆ ነው የገባው። ወረቀት አነበበልን። ሱቁ ይታሸጋል።

«እሺ፣ ያለቀውን ላውጣ» አለ ወንድሜ። «የሰው ሥራ ነው። እሱን አስረክቤ እኮ ነው የምከፍላችሁ!»

«አልችልም፣ ወንድሜ። ውስጥ ያለው ሁሉ በዕዳው ተይዟል።»

«ጨርሼዋለሁ! ተመልከት፣ ተቀመጥበት! መኪና ጠርቼ አሁን ልጫነው፣ ነገ ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ!»

«ይገባኛል» አለ ሰውዬው፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «እኔ የታዘዝኩት ማሸግ ነው።»

ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ለማውጣት ጠየቀች፤ አልተፈቀደም። መነጽሯን ብቻ ከመኪናው ላይ አነሣች። እኔ አልጋዬንና ልብሴን በኋላው በር አወጣሁ። ከዚያ በሩ ተዘጋ፣ ወረቀቱ ተለጠፈበት። በመስታወቱ ውስጥ ቀዩ ቬልቬት ይታያል፤ ተደርድሮ፣ አምሮ፣ ማንም ሳይቀመጥበት። መንገደኛ ቆም እያለ ወረቀቱን ያነብና ወንድሜን አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

አዳራሹ በቀኑ ወንበሩ ስላልቀረበ ውሉን አፈረሰ፤ አሮጌውን ብረት እንኳ የእኔ ነው ብሎ ከግብር ቢሮው አልጠየቀም። ወንድሜ ያለበትን ሊያስረዳ ቢሄድ ኃላፊው አላስገባውም። ከወራት በኋላ ዕቃው ሁሉ በግብር ቢሮው ግቢ ለጨረታ ወጣ። ሄድን። ባንሄድ ይሻል ነበር። የስፌት መኪናዋን አንድ ነጋዴ ወሰደው። ወንበሮቹ ጋ ሲደረስ ግን ተጫራቹ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ተያይዞ ወለል ላይ የሚታሰር ወንበር ማን ቤት ይገባል? አንድ ሰው ብቻ ዋጋ ጠራ። ሌላ ተጫራች አልመጣም፤ የሶፋ ስፖንጅ እንኳ በማይገዛ ዋጋ ሄደ። የገዛውን ሰው ወንድሜ አወቀው። የአዳራሹ ኃላፊ ሹፌር ነበር።

ሚስቱ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። ወንድሜ ቀድሞን ከግቢው ወጣ።

ያ ገንዘብ ዕዳውን አልዘጋውም፤ ግማሹን እንኳ አልሞላውም። የሱቁን ኪራይ መክፈል ስላልተቻለ ቦታውን ሌላ ሰው ያዘው፤ የቤቱም ኪራይ ከበደን። በሌላ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን ገባን። እዚያ ሳለን ነው ስልክ የተደወለው። የአዳራሹ ሰዎች ወንበሮቹን መግጠም አቅቷቸዋል። ብረቶቹን እንደ መጠናቸው የለያቸው ወንድሜ ነው፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። በቀን ሒሳብ መጥቶ ይግጠምልን አሉ።

«እግርህ ይሰበር እንጂ አትሄድም!» አለች ሚስቱ። «በሹፌሩ የሰረቀህን ሰውዬ ልታገለግል?»

«አልሰረቀኝም። በሕግ ነው የገዛው።»

«እና ሄደህ እጅ ልትነሣው ነው?»

«ግብር ቢሮው መጀመሪያ ከፊሉን አምጣ ብሎኛል። ያንን ካላመጣሁ ወለዱ አያቆምም። በዚያ ላይ ባልሆነ ብሎን ቢያስሩት ሰው ይዞ ይወድቃል።»

ሄደ። ቀናት ፈጅቶ በጉልበቱ እየዳኸ ረድፍ በረድፍ አሰረው። በመጨረሻው ቀን ሲመለስ የተከፈለውን እንዳለ ሚስቱ እጅ ላይ አስቀመጠላትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እሷም ያን ገንዘብ ይዛ በማግስቱ ራሷ ግብር ቢሮ ሄደች፤ ከዚያች ልጅ ጋር ቁጭ ብላ ስምምነቱን ፈረመች።

አሁን ወንድሜ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ የወንበር መቀመጫ በመሣሪያ ይሰፋል፤ ወንበሩ ሲያልቅ አያየውም፣ ማን እንደሚቀመጥበትም አያውቅም። ግብሩን ደሞዙ እጁ ከመግባቱ በፊት ይቆርጡለታል። የድሮው ዕዳ ከተረፈው ላይ በየወሩ ይወጣል፤ ገና አላለቀም። ሚስቱ በሰው መኪና ትሰፋለች። እሱ ከሥራ ሲመጣ የሰፈሩ ሰው ሰላም ይለዋል፤ በቅጽል ስሙ የሚጠራው ግን የለም፤ በአዲሱ ሰፈር ያን ስም ማንም አያውቀውም። ቀልዱም አብሮ ቀረ። አንዳንዴ ሳናግረው ይቆያል፣ ከዚያ «እ?» ይለኛል፣ ከሩቅ እንደተጠራ ሰው።

በሉ እንግዲህ፣ ደክሟችኋል። ከዚህ ሁሉ አንዲት ነገር ብቻ ያዙልኝ፣ ልጆቼ። ግብር ቢሮ ቀን ሲያራዝምላችሁ፣ እዚያው መስኮቱ ላይ ቆማችሁ «የተራዘመልኝ ወረቀቱ ነው ወይስ ገንዘቡ?» ብላችሁ ጠይቁ። ወረቀቱ ብቻ ነው ካሏችሁ፣ ገምታችሁም ቢሆን የቻላችሁትን ያህል ክፈሉ። ካልቻላችሁም በባዶ እጃችሁ ሂዱና ተናገሩ፤ ከሰልፉ የሚስቅባችሁ ሰው ይሳቅ። የወንድሜን ነገር አትርሱብኝ፣ አደራ።